የአባቴን ዘፈን አጥፉልኝ

«ልጁ ናት እኮ፤ የገዛ ልጁ። በየደጁ እየዞረች ‹የአባቴን ዘፈን አጥፉልኝ› የምትለው።»

ሰፈሩ ሁሉ ዓም ሞስዓድ እያለ የሚጠራቸው ሽማግሌ ይህን የሰሙት በፈክሪ ፀጉር ቤት ወንበር ላይ አንገታቸውን ወደ ኋላ ጥለው፣ ግማሽ ፊታቸው በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ ነው። ንግግሩ የመጣው ከበሩ መጋረጃ ባሻገር ነበር፤ ሁለት ሴቶች ትኩስ ዳቦ በጋዜጣ ጠቅልለው ቆመው የዓርብ ጠዋት ወሬያቸውን ይቀባበላሉ። የፈክሪ ምላጭ በጉሮሯቸው ላይ ለአፍታ ቆመ። በመስተዋቱ ሥር፣ በሽቶ ጠርሙሶቹና በማበጠሪያዎቹ መካከል የተደገፈው ስልክ ደግሞ ሴቶቹ ያሉትን እንዳልሰማ ሁሉ የዓም ሞስዓድን ዘፈን ጨርሶ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ከንጋት ወዲህ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ የስልኩ ባለቤት እንኳ አያውቅም።

«ማንን ነው የሚሉት?» አሉ ዓም ሞስዓድ ከንፈራቸውን እምብዛም ሳያንቀሳቅሱ።

«ወሬ ነው። አትነቃነቅ፤ ጉሮሮህ ላይ ነኝ።»

«ፈክሪ።»

«እሺ፣ እዚህም መጥታ ነበር» አለ ፈክሪ ምላጩን በፎጣው እየጠረገ። «‹አጎቴ ፈክሪ፣ ስለ ፈጣሪ ብለህ አጥፋው› አለችኝ። አንቺ ጥርስ ሳታበቅዪ ነው እኔ አባትሽን የሰማሁት፤ በገዛ ሱቄ ምን እንደምሰማ ካንቺ አልማርም አልኳት።»

«እና አላጠፋኸውም?»

«ድምፁን ጨመርኩት እንጂ።»

ፈክሪ የቀረውን ጉንጭ ላጨ፣ ደም የሚያቆመውን የሻብ ድንጋይ አሸ፣ ሽቶውን ረጨ፤ ዓም ሞስዓድ ስልሳ ፓውንድ አውጥተው በመደርደሪያው ላይ ሲያስቀምጡ እሱ መልሶ በደረት ኪሳቸው ከተተላቸው። ቅር የተሰኘ ሰው ውለታ መቀበል ይከብደዋል፤ ሆኖም ዓም ሞስዓድ ክርክር የሚያነሱበት አፍ አልነበራቸውም። በመስተዋቱ ውስጥ የተላጨው ፊታቸው እንደ ሌላ ሰው ፊት ታያቸው።

ዘፈኑ ለዓለም የወጣው ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ ነው። ብቸኛ ልጃቸው ሪሃም በቀን በአንድ የመርከብ ወኪል ቢሮ ትሠራለች፤ ከሥራ መልስ ደግሞ መርከቦች በሚያልፉበት ቦይ ዳር ባሉት ከተሞች የሚኖሩ፣ አሳታሚ የሌላቸው ዘፋኞችን ሥራ በሙዚቃ ማሰራጫ መተግበሪያ ላይ ታወጣለች። ቅጂውን ታጠራለች፣ ለእያንዳንዱ ዘፈን መግለጫ ትጽፋለች፣ ከዚያም ለአድማጩ ዘፈን የሚመርጠው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥራውን ለየትኛው ጆሮ እንደሚያቀርበው ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። አባቷን ለማግባባት አንድ ዓመት ፈጅቶባታል። ከበሮ መቺያቸው ሐሚዶ ከሞተ ወዲህ ሲምሲሚያቸው፣ ያ ከአሮጌ የመርከብ ሳህን ተሠርቶ ክር የተወጠረለት ክራር መሰል መሣሪያ፣ ስድስት ዓመት በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ኖሯል። በሁለቱ ሰዎች ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ይኖሩ የነበሩ አሥራ ሁለት ዘፈኖች ያን ጊዜ በአንድ ጭንቅላት ቀሩ፤ ያም ጭንቅላት ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። በመጨረሻ ዓም ሞስዓድ የተስማሙት በውል ነበር። አንድ ዘፈን ይቀዳል። ስማቸውንም ሰፈራቸውንም የማያውቅ እንግዳ ሰው፣ በወጣበት ቀን ከመነሻው እስከ መድረሻው ከሰማው፣ አሥራ አንዱም ይቀዳሉ። «ሰፈሬማ ሰምቶኛል» አሉ። «ከሰፈሬ ሌላ ሰሚ ካጣሁ ሲምሲሚያው ወደ ምስማሩ ይመለሳል፤ አንቺም ሁለተኛ አትጠይቂኝም። ጊዜውም እስከ ዓርብ ፀሐይ መጥለቂያ ነው፤ መርከብ ከአንድ ቀን በላይ ቆሞ አይጠብቅም።»

በዚያ ውል ላይ አንድ ጥል ብቻ ተነሥቶ ነበር፤ እሱም ስለ ሰላምታው። እንደ ጥንቱ ልማድ ዓም ሞስዓድ ዘፈን ከመጀመራቸው በፊት ክሩን እየነካኩ በስፍራው ያሉትን ሰዎች ስም አንድ በአንድ እየጠሩ ሰላም ይላሉ፤ በመጨረሻ ስሙ የተጠራው ሰው የዚያ ቀን የዘፈኑ ባለቤት ነው። በተቀዳው ዘፈን ሰላምታው ሃምሳ ሁለት ሰከንድ ይፈጃል፤ የመጨረሻው ስም ሐሚዶ ነው። ሪሃም እንዲቆረጥ ለመነች። በሠላሳ ሰከንድ ያልተያዘ አድማጭ ያልፋል፣ ማሽኑም ያለፉትን ይቆጥራል አለች። አባቷ መልሰው «ሰላም ሳልል የሰው ቤት ገብቼ አላውቅም፤ በሰባ አንድ ዓመቴ አልጀምርም» አሉ። እሷም ዝም አለች። ያ ዝምታዋ አሁን፣ ከፀጉር ቤቱ ወጥተው ሲሄዱ፣ ትዝ አላቸው። ካልተቆረጠ ይጥፋ ብላ ይሆን? አሰቡና በሐሳባቸው አፈሩ፤ ግን ሐሳቡ አልሄደም።

መንገዱ በሙሉ የሳቸው ድምፅ ነበር። ከብረታ ብረት ሻጩ ሱቅ ሁለተኛው ስንኝ ይወጣል፣ ከላይ ካለው የእንጨት ሰገነት አዝማቹ ይወርዳል፣ ከልብስ ሰፊው ዘንድ ሰላምታው ገና መጀመሩ ነው፤ አንድ ሰው በአንድ ጎዳና ላይ አርባ ቦታ ሆኖ ከራሱ ጋር እንደሚጣላ ያህል። በጎዳናው መጨረሻ፣ በቤቶቹ መካከል፣ ኮንቴይነር የጫነ መርከብ ቀስ ብሎ ሲያልፍ ሰማዩን ከለለው፤ ቀና ብሎ ያየው ሰው ግን አልነበረም።

ታላቅ እህታቸው ነኢማ በጥጉ ላይ ባለው የዓሣ መደባቸው ኋላ ተቀምጠዋል። ቡሪ የሚባለው ዓሣ በኪሎ መቶ ሰማንያ ፓውንድ ነው፣ ትናንት መቶ ስልሳ አምስት ነበር። ከሚዛኑ አጠገብ አንድ ትልቅ የአሉሚኒየም ድስት አለ፤ ድምፁ ከፍ እንዲል ስልካቸውን ከድስቱ ውስጥ ከተውታል። ከመደቡ ሥር ደግሞ የሁለት ምራቶቻቸው ስልኮች በኤሌክትሪክ ገመድ ታስረው፣ ድምፃቸው ተዘግቶ፣ ይህንኑ ዘፈን ያለ ድምፅ ይዘፍናሉ።

«ልጅህ ድስቴን ከፈተችው» አሉ ነኢማ፣ ዓሣውን ከመላጥ ሳይቦዝኑ። «ከድስቴ ውስጥ ስልኬን አወጣች። መልሼ ከተትኩት።»

ዓም ሞስዓድ የዓሣውን ዓይን አዩ። ከዚያ ራሳቸውን ነቅንቀው አለፉ። እህታቸው ወደ መንገዱ ዞሩ፤ የሁለቱ ነገር እንዲህ ነው፣ ከባዱ ነገር ሲመጣ አንዱ ዓሣ ያያል፣ ሌላው መንገድ።

ሪሃም በቤታቸው፣ በሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ ሰገነቱን በምታዋስነው ክፍል፣ ከአጭር ጠረጴዛ ፊት ተቀምጣለች። ጫማዋን አላወለቀችም። ሻይዋ ቀዝቅዞ በላዩ ላይ ቆዳ ሠርቷል። አባቷ በሩን ሲከፍቱ ከፊታቸው ላይ ሁሉን አነበበች።

«ባባ፣ ቁጭ በል።»

«በሰፈሩ ሁሉ መሳቂያ አድርገሽኝ ቁጭ በል ትይኛለሽ?»

«ቁጭ በልና ከዚያ ትሰድበኛለህ።»

ተቀመጡ። ስልኳን አዞረችላቸው፤ አራት ሺህ አንድ መቶ ሃያ ስድስት የሚል ቁጥር ነበር። ዓም ሞስዓድ ዓይናቸውን አጥበው አዩት፣ መነጽራቸውን አድርገውም አዩት።

«ይህ ሁሉ ሰው?»

«ሰው አይደለም። ሰባ ስልክ ነው። ሁሉም ከዚህ ጎዳና፣ ግማሾቹ በጋሪብ ቡና ቤት ኢንተርኔት፣ ግማሾቹ ድምፃቸው ተዘግቶ። አክስቴ ብቻዋን ሁለት መቶ ጊዜ ሰምታሃለች።» አንድ መልእክት ከፍታ አነበበችላቸው፤ በደረቅ ቋንቋ የተጻፈ ነበር። ሰሚ ለማስመሰል የተደረገ ሐሰተኛ ስርጭት ታይቷል፣ እስከ ዛሬ ምሽት ካልቆመ ዘፈኑ ይነሣል።

«አጭበርባሪዎች ናችሁ እያለን ነው?»

«ማሽኑ ፍቅርን ከማጭበርበር አይለይም፣ ባባ። ከሱ በኩል ሲታዩ ሁለቱም አንድ ዓይነት ቁጥር ናቸው። እሱ ዘፈኑን መጀመሪያ ለጥቂት የማያውቁህ ሰዎች ያሰማል። የትኛው ሰው ቆየ፣ የትኛው አለፈ ብሎ ያያል። ቆይቶ የሰማውን የሚመስሉ ሌሎች ሰዎችን ይፈልጋል። አሁን ግን የሚያየው የኛን ሰፈር ብቻ ነው። የኛ ሰፈር ስልክ ደግሞ ከዘፈንህ ሌላ ምን ያጫውታል? የልጆች መዝሙር። ስለዚህ ከጠዋት ጀምሮ መንሱራ ከተማ ላሉ ሕፃናት እያቀረበህ ነው።»

ዓም ሞስዓድ ጥቂት አሰቡ። «ሕፃናቱስ ምን አሉ?»

«በሦስት ሰከንድ አለፉህ።»

ሪሃም አልቅሳ እንደነበር አሁን አስተዋሉ፤ ዓይኖቿ ጥግ ላይ ቀልተዋል። ሌሊቱን ሙሉ ሳትተኛ ቁጥሩ ሲወጣ አይታለች፣ መጀመሪያ ተደስታ፣ ኋላ ከየት እንደመጣ ስታውቅ ደንግጣ፤ ከዚያም ወርዳ በየደጁ ለምናለች። አሥራ አንዱ ዘፈኖች እያንዳንዳቸው ከደጃፍ ደጃፍ ሲያመልጧት ነበር ማለት ነው። እሳቸው ደግሞ በፀጉር ቤቱ ወንበር ላይ ሆነው ጠርጥረዋታል።

ዓም ሞስዓድ ከሕይወታቸው ሠላሳ ዓመቱን ያሳለፉት በትንሽ ጀልባ ወደሚያልፉ መርከቦች እየቀዘፉ ብርድ ልብስና የቆዳ ትራስ በመሸጥ ነው። መርከቡን ከሩቅ አይተው፣ ባንዲራውን ለይተው፣ ላይ የቆመው ሰው ምን እንደሚሻ አፉን ሳይከፍት ያውቁ ነበር፤ ለቀዝቃዛው አገር ሰው ሱፉን፣ ሚስቱን ለናፈቀው ሽቶውን ከፍ አድርገው ያሳዩ ነበር። አንድ በጋ ላይ፣ ገና ወጣት ሳሉ፣ ሦስት የአጎት ልጆች ሊያግዟቸው በየጀልባቸው ከበቧቸው። ገዥ መስለው በዓም ሞስዓድ ብርድ ልብስ ላይ እርስ በርሳቸው ዋጋ እየጨመሩ ጮኹ፤ ዕቃው እንደሚፈለግ መርከበኞቹ እንዲያዩ ነው። የመርከቡ መጋቢ ከላይ ሆኖ ለረጅም ጊዜ ተመለከታቸውና የገመዱን መሰላል ሰበሰበው። በጋው እስኪያልቅ ከዚያ መርከብ ማንም ከሳቸው አልገዛም።

ይህን ለልጃቸው ነገሯት። ሲጨርሱም ሳያስቡት ሳቁ፤ ከጠዋት ወዲህ የመጀመሪያቸው ነበር። «ገባኝ» አሉ። «ነኢማ በጀልባዬ ዙሪያ እየቀዘፈች ነው።»

«እኔን አልሰማ አሉኝ፣ ባባ።»

«አንቺን እንዴት ይሰማሉ? አባትሽን የጠላሽ ነው የመሰላቸው።» ተነሡና ነጭ ጀለቢያቸውን አወረዱ። «ደግሞ ለአንድ አፍታ እኔም መስሎኝ ነበር።»

ሪሃም ቀና ብላ አየቻቸው። የጀለቢያውን አንገት አስተካከለችላቸው።

የዓርብ ጸሎት ሲያበቃ ወንዱ ሁሉ ጫማውን እየፈለገ በመስጊዱ ደጃፍ ይከማቻል። ዓም ሞስዓድ ከሦስተኛው ደረጃ ላይ ቆመው እስኪሰበሰቡ ጠበቁ። አነጋገራቸው አጭር ነበር። እንዳኮራችሁኝ አውቃለሁ፣ አሁን ግን ስልኮቻችሁን ዝጉልኝ፣ እንግዳ ሰው እንዲሰማኝ ቦታ ልቀቁልኝ አሉ። ከዚያ የቡና ቤቱ ባለቤት ጋሪብ፣ ወፍራምና ቀልደኛ ሰው፣ አንድ እግሩን በጫማ ሌላውን በካልሲ እንዳደረገ ድምፁን አሰማ።

«ስለዚህ ዓም ሞስዓድ፣ እኛ ጆሮ የለንም ማለትዎ ነው?»

«ጆሯችሁ በዝቶ ነው እንጂ።»

«ያ በቴሌቪዥኔ ላይ የገጠምኩት ትልቁ ድምፅ ማጉያስ? ከወንድሜ ሠርግ ወዲህ አልወጣም ነበር።»

«ለሚቀጥለው ሠርግ አስቀምጠው።»

«ሽማግሌው ኮርቷል» አለ ከኋላ አንድ ሰው፤ ሳቅ ሆነ። ፈክሪ አልሳቀም። ከኪሱ ስልኩን አወጣ፣ ለረጅም ጊዜ አየው፣ ከዚያም በአውራ ጣቱ ጫን ብሎ አጠፋው። «ይኸው» አለ፤ «ደስ አይበልህ፣ ለልጅቷ ብዬ ነው። ለኔ አስረድታኝ ቢሆን ኖሮ…» ግን ሪሃም ልታስረዳው ስትል እሱ እንዳልሰማት ትዝ ያለው ይመስል ዐረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። ከሱ በኋላ ሌሎቹም እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱ። አንድ ሰው የእናቱን ስልክ ለማጥፋት ወደ ቤቱ ሮጠ።

ከሁሉ የከፋችው የዓሣ መደቧ ነበረች። ዓም ሞስዓድ በመደቡ ፊት በተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀመጡ፤ ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ከነጀልባውና ከነመሰላሉ፣ ለእህታቸው ተረኩ። ነኢማ እያዳመጡ ሁለት ደንበኞች አስተናገዱ፣ ለአንዷ መልስ ቆጠሩ፣ ቢላቸውን በውኃ አጠቡ። ከድስቱ ውስጥ የወንድማቸው ድምፅ ሐሚዶን ሰላም ይላል።

«አባታችን ሲምሲሚያህን ወደ ቦዩ ሊጥል ሲል ማን ነበር ከአልጋ ሥር የደበቀው?» አሉ ነኢማ በመጨረሻ።

«አንቺ።»

«ማንም ሳይሰማህ ማን ሰማህ?»

«አንቺ፣ ነኢማ።»

«አሁን ደግሞ መልኩን የማታውቀው ሰው እንዲሰማህ እኔ ጆሮዬን ልድፈን?»

«በስልኩ ነው እንጂ። እኔን ፊት ለፊት ትሰሚኛለሽ።»

«መቼ?» አሉ ነኢማ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። «ስድስት ዓመት ሙሉ መቼ ሰማሁህ? ሐሚዶ ሞተ፣ እኔ ደግሞ አብሬ የሞትኩ መሰለህ። በዚህ ድስት ውስጥ ነው ያገኘሁህ።»

ዓም ሞስዓድ እንደ ልማዳቸው ዓሣውን ለማየት ፈለጉ፤ ግን ዓሣው ተሸጦ አልቆ ነበር። የእህታቸውን እጅ አዩ፤ ቅርፊት የተለጠፈበትን፣ በጨው የተሰነጠቀውን እጅ። ነኢማ ያን እጃቸውን በመጎናጸፊያቸው ጠርገው ወደ ድስቱ ሰደዱ፣ ስልኩን አውጥተው ለወንድማቸው ሰጡት። እንዴት እንደሚጠፋ አያውቁም ነበር። ዓም ሞስዓድም አያውቁም። ሁለቱ ሽማግሌዎች ጥቂት ጊዜ ሲነካኩት ቆይተው በመጨረሻ ባትሪውን አወጡት።

ከቀትር በኋላ ጎዳናው ጸጥ አለ። ዓርብ ነበርና ጸጥታው እንግዳ አልነበረም፤ ነገር ግን የተለመደው ዓይነት አልነበረም። ልብስ ሰፊው በሹክሹክታ ይናገራል፤ ሕፃናትን እናቶቻቸው ወደ ውስጥ አስገብተዋል፣ ልክ በላይኛው ፎቅ የታመመ ሰው እንዳለ። ስልክ ማጥፋት ብቻውን ይበቃ ነበር፤ እነሱ ግን ትንፋሻቸውንም ዋጥ አደረጉ። ሪሃም በሰገነቱ ላይ ስልኳን በጉልበቷ አስቀምጣ ትመለከታለች፤ አባቷ ከአጠገቧ ሩዝና ዓሣ ቀርቦላቸው ሹካቸውን አላነሡም።

ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ቁጥሩ ወደቀ። ቀስ ብሎም አልነበረም፤ ስልኩን አጥፍታ ስትከፍተው አራት ሺሁ የለም። የሰፈሩ መስማት ሁሉ ከመዝገቡ ተሰርዟል። ማስጠንቀቂያውም አብሮ ጠፍቷል፤ ዘፈኑ አልተነሣም። በቁጥሩ ቦታ ዘጠኝ የሚል ተቀምጧል።

«ዘጠኝ» አለች ሪሃም። ለቅሶ የሚቀድመው ዓይነት ድምፅ ነበር። «ዘጠኝ ሰው፣ ባባ።»

«የየት አገር ሰዎች ናቸው?»

«ምን ለውጥ ያመጣል?»

«ንገሪኝ እንጂ።»

አነበበችላቸው። ሁለቱ ከኢዝሚር ናቸው፣ ሰላምታው ሳያልቅ ወጥተዋል። አንዱ ከማርሴይ፣ በግማሹ ላይ ትቶታል። አምስቱ ከዚህም ከዚያም፣ አንድ ደቂቃ ያልቆዩ። ዘጠነኛው ከምሥራቁ የወደብ ከተማ ከቺታጎንግ ነው። ሪሃም አነበበች፤ እንደገና አነበበች። ቺታጎንግ ያለው ሰው የዘፈኑን ሰባት ደቂቃ ሙሉ ሰምቷል። ሰላምታውንም ሰምቷል፣ ሐሚዶንም። ጨርሶ ወደ መጀመሪያው ተመልሷል። ሦስት ጊዜ።

«ቺታጎንግ» አሉ ዓም ሞስዓድ፣ የድሮ ደንበኛ ስም እንደሚጠራ ሰው። «ጭነታቸው ጁት፣ የጆንያ ክር፣ ነበር። አይቸኩሉም። ብርድ ልብሱን ዘርግተው፣ አሽተው፣ በብርሃን አይተው ነው የሚገዙት።» ሹካቸውን አነሡና የቀዘቀዘውን ሩዝ ቀመሱ። «አንድ ሰው መሰላል ከወረወረልሽ ይበቃል። ሌላው የሚወጣው በዚያው መሰላል ነው።»

ፀሐይዋ ከቦዩ ማዶ ገና አልጠለቀችም። ዓም ሞስዓድ እጃቸውን ታጥበው ወደ ውስጥ ገቡ፤ ሪሃም ምስማሩ ሲንቀጫቀጭ ሰማች። ሲምሲሚያውን ይዘው ሲመለሱ ክፍሉ ውስጥ አልተቀመጡም፤ ወንበራቸውን በሰገነቱ ጠርዝ፣ ጎዳናው ከታች በሚታይበት ቦታ አደረጉ። ልጃቸው መቅረጫውን አምጥታ በሁለት መጻሕፍት ላይ አቆመችው። የጎዳናው ድምፅ ይገባል ልትል ፈልጋ ተወችው።

ክሩን ሲነኩ ከታች አንድ መስኮት ተከፈተ፣ ከዚያ ሌላ። ሰላምታው ተጀመረ። መጀመሪያ፣ እንግዳ ይቀድማልና፣ ስሙን የማያውቁትን፣ ወንድ ይሁን ሴት የማያውቁትን የቺታጎንጉን ሰው ሰላም አሉ። ቀጥለው ስልኩን በቁጣ ያጠፋውን ፈክሪን፣ ድምፅ ማጉያውን መልሶ በጨርቅ የጠቀለለውን ጋሪብን፣ ብረታ ብረት ሻጩን፣ ልብስ ሰፊውን፣ እናቱ ዘንድ የሮጠውን ሰው ከነእናቱ ጠሩ። ሠላሳው ሰከንድ አለፈ። አንዱ ደቂቃ አለፈ። ሪሃም በመቅረጫው ላይ የሚሮጠውን ቁጥር አየችና እጇን ከላዩ አንሥታ በጭኗ ላይ አኖረች። ልጄ ሪሃም፣ በየደጁ የተሰደበችልኝ፣ አሉ አባቷ፤ ጣታቸው ግን አልቆመም።

ከታች፣ ከባዶው የዓሣ መደብ አጠገብ፣ ነኢማ ቆመው ቀና ብለዋል። ክንዳቸውን አጣምረዋል።

«ሰፈሩን ሁሉ ጨረስክ» አሉ ወደ ላይ። «እኔስ ስንተኛ ነኝ?»

ዓም ሞስዓድ አንድ ዙር ጠብቀው ክሩን ነኩት፣ የእህታቸውን ስም ጠሩ፤ ከሱ በኋላ የማንንም ስም አልጠሩም። ዘፈኑ ተጀመረ።